«ምንም የለበትም» የተባለው ሹፌር

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፤ ወልዲያ ከእናታችን ጋር ይኖራል። የአይሱዙ ሹፌር ነው። ወታደር ሆኖ አያውቅም። ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ግን በመኪናው ቁስለኛ አመላልሷል፤ ሬሳም ጭኗል። አሁን ልቡ በኃይል ይመታል፣ ደረቱን ይወጋዋል፣ ጨጓራው ይነድዳል። ሌሊት እየባነነ ይነሣል። መጀመሪያ ማታ መንዳት ተወ፤ አሁን ጭራሽ መኪናውን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። ሥጋ አይበላም፤ ሥጋ ቤት ባለበት በኩል እንኳ አያልፍም። አረቄ ጀምሯል። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ)፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ሁለት ጊዜም ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት) ተሠርቶለታል። ‹ምንም የለበትም› ይላሉ። አሁን አዲስ አበባ ላሳክመው ብር እያጠራቀምኩ ነው። ዘመዶች ጸበል ይሂድ ይላሉ። ‹ሁላችንም ያየነውን ነው ያየው፣ እሱ ብቻ ምን ሆነ?› የሚሉም አሉ። ስደውልለት ‹እርሳው፣ አልፏል› እለዋለሁ፤ ዝም ይለኛል። ወታደር ያልሆነ ሰው በጦርነት ይታመማል? ሕመሙ የልብ ነው፣ የጨጓራ ነው ወይስ የአእምሮ? እኔስ እዚህ ሆኜ ምን ላድርግ? ሌሊት ሌሊት የአገሬን ቪዲዮ ስመለከት ነው የሚነጋው።»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ ከብሩ ልጀምር። ለአዲስ አበባው ምርመራ ያጠራቀምሽውን ለጊዜው ያዢው። ያስፈልጋል፤ ግን ለሌላ ነገር ነው።

«ምንም የለበትም» የምትለዋን ቃል እኔም ብዙ ጊዜ ተናግሬያታለሁ። ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ስሠራ ወረፋው ረጅም ነበር። «ደረቴን» የሚል ሰው ይመጣል። ኢሲጂው ንጹሕ ይሆናል። «ልብህ ጤነኛ ነው፣ ምንም የለብህም» ብዬ እሸኘዋለሁ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር የማስበው። ሰውየው ግን ደስ ብሎት አይወጣም። ሌሊት ልቡ ከደረቱ ልትወጣ ስትታገል የሚያድረው እሱ ነው። «ምንም የለብህም» ስለው የሚሰማው «ትዋሻለህ» ማለቴ ነው። ወይም ደግሞ በሽታው ያልተገኘለት ይመስለዋል። ስለዚህ ሌላ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ከዚያም ሌላ። የስንት እኅት የዓረብ አገር ደመወዝ በዚህ መንገድ አልቋል! ምርመራው አልነበረም ስህተቱ። ቃሉ ነው። «መሣሪያችን በሚያየው ቦታ ላይ ጉዳት አላገኘንም» ብለን ማቆም ነበረብን።

ወንድምሽን ሳላየው ይህ ነው ብዬ አልፈርምም። የጻፍሽው ግን ፒቲኤስዲ የምንለውን ሕመም በጣም ይመስላል። አሰቃቂ ነገር ያየ ወይም የደረሰበት ሰው ላይ የሚመጣ ሕመም ነው። ያየው ነገር በቅዠት ወይም በቁሙ ተመልሶ ይመጣበታል። የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል። ሰውነቱ አደጋ ያለ ይመስል ነቅቶ ይውላል፣ ነቅቶም ያድራል። ስሜቱ ይደፈርሳል፤ ከሰው ይርቃል። ይህ ከወር በላይ ከቀጠለና ሥራና ኑሮ ካበላሸ ሕመም ነው እንላለን። ወንድምሽ ይባንናል፣ መንገድ ይቀይራል፣ መሪ መጨበጥ ትቷል። አንድ ቀን የመጣ ጠባይ አይደለም።

«ወታደር ያልሆነ ሰው ይታመማል ወይ» ላልሽው፤ አዎ፣ በደንብ ይታመማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግምት አለ። ጦርነት ባለበት አካባቢ ከሚኖረው ሕዝብ 22 በመቶ ገደማው የአእምሮ ሕመም አለበት ይላል። ከ5 ሰው አንዱ ማለት ነው። ይህ ስለ ወታደር የተሠራ ቁጥር አይደለም። ባለሱቁም፣ ተማሪውም፣ እናቲቱም አሉበት።

እንዲያውም የወንድምሽን ሥራ ሳስበው ከብዙ ወታደር ይከብደኛል። ወታደር ሠልጥኖ ነው የሚገባው። ጓድ አለው። ማታ ላይ አብሮት ዝም የሚል ሰው እንኳ አያጣም። ወንድምሽ ግን ጋቢና ውስጥ ብቻውን ነበር። ከኋላው ሰው ያቃስታል። ቢፈጥን መንገዱ ቁስለኛውን ያንገጫግጨዋል። ቢያዘግም ሰውየው ደም ይፈስሰዋል። መኪናው ሲሞላ ማንን ጭኖ ማንን እንደተወ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታመመው ፈርቶ ብቻ አይደለም። «ያን ልጅ ብጭነው ኖሮ» የምትል ሐሳብ ናት ውስጡን የምትበላው። የአምቡላንስ ሾፌሮችም ነርሶችም ላይ ይህንኑ አይቻለሁ።

«እሱ ብቻ ምን ሆነ» የሚሉትን ዘመዶች አትቀየሚያቸው። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ቬትናም ከዘመቱት የአሜሪካ ወንድ ወታደሮች መካከል በሕይወት ዘመናቸው ይህ ሕመም የያዛቸው 30 በመቶ ገደማ እንደሆኑ በትልቅ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ 70 በመቶው አልታመመም። ግን ያልታመመው ሁሉ ጀግና፣ የታመመው ፈሪ ነው? ይህን የሚሉ ሰዎች ድሮም ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ከ300 በላይ የራሳቸውን ወታደሮች «ፈራህ፣ ከዳህ» ብለው በጥይት ረሽነዋል። ከእነዚያ ውስጥ በፍንዳታ ብዛት አእምሯቸው የተጎዳ ነበሩ። መንግሥታቸው ይቅርታ ያደረገላቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ! ሕመሙ በሕክምና መዝገብ የዛሬውን ስሙን ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

አሁን ወደ ልቡ እንምጣ። የወንድምሽ ዓይነት ልብ ለሐኪም አዲስ አይደለም። አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲዋጉ ዳ ኮስታ የሚባል ሐኪም ነበር። ወደ 300 የሚሆኑ ወታደሮችን መረመረ። ሁሉም የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ ልቤ ይመታል፣ ደረቴን ይወጋኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ይደክመኛል። ልባቸውን ሲያዳምጠው ግን የሚያውቀው የልብ በሽታ የለም። እ.ኤ.አ. በ1871 ጽፎ ያሳተመው ይህንኑ ነው። ሕመሙም በኋላ «የወታደር ልብ» ተባለ። ልብ በይ፤ ዳ ኮስታ «ምንም የላቸውም» ብሎ አልሸኛቸውም። ስም ሰጥቶ መዘገባቸው።

ልቡ የሚመታው እንዲህ ነው። አእምሯችን ውስጥ አደጋ የሚጠብቅ ክፍል አለ። አደጋ ሲያይ ሳያማክረን ደወሉን ይደውላል። አድሬናሊን ይለቀቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ደም ከሆድ ዕቃ ወደ እግርና ወደ ክንድ ይሄዳል፤ ለመሮጥ ወይም ለመታገል። ምግብ መፍጨት በዚያች ሰዓት ሥራ ፈት ነው። አደጋው ሲያልፍ ደወሉ ይቆማል፤ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ወንድምሽ ጋ ደወሉ አልቆመም። ለሹፌር በሹፌር ቋንቋ ልንገረው፤ ማርሽ ሳይገባ ነዳጅ የተረገጠበት ሞተር ማለት ነው። መኪናው ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ነዳጁ ግን ያልቃል፤ ሞተሩም ይግላል። መካኒኩ ጎማውን ቢፈታ፣ ፍሬኑን ቢያይ ምንም አያገኝም። «ምንም የለበትም» ይላል። ሞተሩ ግን እየጋለ ነው።

የጨጓራውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። አንጀትና አእምሮ በነርቭ የተሳሰሩ ናቸው። የፈራ ሰው ሆዱ ይላወሳል። የተጨነቀ ሰው ይቃጠላል፣ ይነፋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ለነገሩ ይህን አማርኛ ከሐኪሞች ቀድሞ ያውቃል። ሰው ሲያዝን «ሆዴ ባባ» ይላል። ሲያዝንለት «አንጀቴን በላው» ይላል። መናገር የማይፈልገውን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይተወዋል። እኔ ጋ የሚመጡ ወንዶች ግማሾቹ ሆድ ይፍጀው ያሉት ነገር ነው ሆዳቸውን እየፈጀ የሚያመጣቸው። «አዝኛለሁ» አይሉኝም። «ጨጓራ» ነው የሚሉኝ። ለኤች ፓይሎሪ (ለጨጓራ ባክቴሪያ) ሦስት አራት ጊዜ መድኃኒት ወስደው ይመጣሉ።

ሥጋው ደግሞ አለ። አንዳንዱ ሐኪም ይህን «ምግብ መምረጥ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የያዝኩት እሱን ነው። ሽታ ከዓይንም ከጆሮም ይልቅ ወደ ትዝታና ወደ ፍርሃት ክፍል አጭር መንገድ አለው። የደም ሽታ፣ ከናፍጣ ጋር፣ በሙቀት፣ በተዘጋ መስኮት። ሥጋ ቤቱ ለአንቺ ሥጋ ቤት ነው። እሱ ግን በዚያ በኩል ሲያልፍ የመኪናው ጭነት ላይ ነው ያለው። ለፋሲካ አስገድዳችሁ ሥጋ አታቅርቡለት። ሽሮውን ይብላ። መጀመሪያ የሚመለሰው ሥጋው ላይሆን ይችላል።

ግን አደራ። «ከጭንቀት ነው» ብለን ሰውነቱን ሳንመረምር እንዳንቀር። ይኸኛውም ሌላ ስህተት ነው። አንድ ጊዜ በደንብ መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ሲበዛ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ያንቀጠቅጣል፤ ፒቲኤስዲ ይመስላል። ደም ማነስም ልብ ያስመታል። ደም ግፊቱ መለካት አለበት። እነዚህ በአብዛኛው ርካሽ ናቸው፤ ወልዲያ ወይም ደሴ ይሠራሉ። ከኢንዶስኮፒ በፊት መሠራት የነበረባቸው ናቸው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። ፍንዳታ አጠገቡ ነበር ወይ? መድፍ ወይም ቦምብ አጠገቡ የፈነዳ ሰው ሳይቆስልም ሊጎዳ ይችላል። የግፊቱ ሞገድ የጆሮ ታምቡር ይበጥሳል፤ አእምሮንም ያናውጣል። ጆሮው ይጮህበታል? መስማቱ ቀንሷል? ራስ ምታት፣ መርሳት፣ በትንሽ ነገር መቆጣት አለበት? ካለ ለሐኪሙ ይንገር። ሰውነቱ ውስጥ ያልወጣ ፍንጣሪ ካለም ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራ የምስል ምርመራ) ከመነሣቱ በፊት ለባለሙያው መናገር አለበት። የኤምአርአይ ማግኔት ብረት ይጎትታል። አንዳንድ ሰው «ትንሽ ናት፣ አታመኝም» ብሎ ይደብቃታል። ትንሽም ብትሆን ዓይን ወይም የደም ሥር አጠገብ ከሆነች አደጋ ናት።

ደወሉ ለዓመታት ሳይቆም ሲቀር ደግሞ እውነተኛ የልብ በሽታ ይከተላል። በቬትናም ዘመን በውትድርና የነበሩ መንታ ወንድማማቾችን ለ13 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የወጣው። ፒቲኤስዲ ያለባቸው ሰዎች የልብ ደም ሥር በሽታ የያዛቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ነበር። ስለዚህ «ሕመሙ የልብ ነው ወይስ የአእምሮ» ስትዪኝ ይህን «ወይስ» ብሰርዘው ደስ ይለኛል። ዛሬ ልቡ ጤነኛ ነው። የምናክመው ነገም ጤነኛ እንዲሆን ጭምር ነው።

ስለ እናትሽ አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን ልጠይቅሽ። ግፊት ወይም ስኳር አለባቸው? ብዙዎቻችን ጦርነት ሲባል ጥይት ብቻ ነው የሚታየን። በብዙ ጦርነት ግን ከጥይቱ ይልቅ ወረርሽኙ፣ ረሀቡና የመድኃኒት መቋረጡ ብዙ ሰው ይገድላል። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ የምናቃጥለው ለምን እንደሆነ ስንቱ ያውቃል? የ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው። ያ ጉንፋን በዓለም ዙሪያ የተዛመተው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን በጫኑ መርከቦችና ባቡሮች ነው። የቅርቡንም ብናይ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በመጋቢት 2013 ዓ.ም ትግራይ ውስጥ 106 የጤና ተቋማትን አይቶ በወጉ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ተናግሯል። ወደ 70 በመቶው ተዘርፏል። ጦርነቱ ወደ አማራና ወደ አፋር ሲዘልቅ እዚያም ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ። ኢንሱሊን የተቋረጠበት ሰው፣ ግፊት መድኃኒቱ ያለቀበት ሰው፣ በረሀብ ወር ያረገዘች ሴት፤ የእነዚህ ጉዳት ዛሬም አላለቀም። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በጀርመኖች ከበባ ሰው ተርቦ ነበር። በዚያ ጊዜ በማኅፀን የነበሩ ልጆች አድገው ስኳርና የልብ በሽታ በዝቶባቸው ተገኝቷል። ረሀቡ ያለፈው ገና ሳይወለዱ ነው። ወደ እናትሽ ልመለስ፤ እሳቸውም ግፊታቸውን ይለኩ።

አሁን ወደ ሕክምናው። ይድናል ወይ? ብዙ ሰው በጣም ይሻለዋል። ያየውን አይረሳውም። ትዝታው ግን ትዝታ ይሆናል፤ አሁን እየሆነ ያለ ነገር መምሰሉ ይቀራል።

ዋናው ሕክምና በንግግር የሚሰጥ ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ቀስ በቀስ ያየውን እንዲተርክ፣ የሸሸውንም እንዲቀርበው ያግዘዋል። ለወንድምሽ መጀመሪያ ቆሞ በጠፋ መኪና ውስጥ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሞተር ማስነሣት። ከዚያ በቀን፣ በሚያውቀው አጭር መንገድ። ወራት ይፈጃል። «ወንድ ከሆንክ አሁኑኑ ንዳ» ብሎ ማስገደድ ግን ሕክምና አይደለም።

መድኃኒትም አለ። ሰርትራሊን ወይም ፍሎክሰቲን በብዛት እንጠቀማለን። ሁለት ነገር አስቀድሞ ይወቅ። አንደኛ፣ ለውጡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሆድ ሊረብሸው፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ሱስ አይሆንም፤ ግን ስለተሻለው ብቻ በሁለተኛው ወር አያቋርጠው። ብዙ ጊዜ ከተሻለው በኋላም ቢያንስ ዓመት ገደማ እንዲቀጥል እናደርጋለን። የወንድነት ስሜትን ሊቀንስ ይችላል። ይህን ሳይነግሩት ቀርተው መድኃኒቱን የጣለ ወጣት ብዙ አይቻለሁ፤ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር፣ መፍትሔ አለው። ከፋርማሲ «ለእንቅልፍ» ተብለው የሚሸጡትን ዲያዚፓምንና ብሮማዜፓምን ግን በራሱ እንዳይጀምር። ለሳምንት ያስተኛሉ። ከዚያ ያስለምዳሉ። ፒቲኤስዲን አያድኑም።

አረቄውም እንደዚያው ነው። የጀመረው ለመስከር እንዳይመስልሽ። ለመተኛት ነው። እውነት ነው፣ ቶሎ ያስተኛል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን ያስነሣዋል፤ ቅዠቱንም ያብሰዋል። ጠዋት ልቡ የበለጠ ይመታል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ በቃህ» ብላችሁ በአንድ ቀን አታስቁሙት። በድንገት ያቆመ ሰው የሚጥል በሽታ ሊነሣበት ይችላል። ሐኪም እያየው ነው የሚቀንሰው።

ጸበሉን አልከለክልም። ሰላም የሚሰጠው ከሆነ ይሂድ። ከሰው ጋር ይውላል፣ ይጸልያል፣ ማልዶ ይነሣል፤ ይህ ሁሉ ለዚህ ሕመም ይጠቅማል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። መድኃኒቱን እንዳያስጥሉት። በ1999 ዓ.ም አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕመምተኞች ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ዘመዶች ከተከራከሩ ይህን ንገሪያቸው። ጾሞ ከሆነ የሚጠመቀው ክኒኑን ከሰዓት ወይም ማታ መዋጥ ይቻላል፤ ሰዓቱ እንዳይዛነፍ ብቻ ነው። በሰንሰለት የሚያስሩበት፣ የሚገርፉበት ቦታ ከሆነ ግን እንዳይሄድ።

እናትሽ ሌሊት ሲባንን ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። አብዛኛው እናት ሮጣ ሄዳ ትወዘውዛለች። አይነካ። ነቅቶ ያለ ሊመስል ይችላል፤ እሱ ግን ያለው መንገድ ላይ ነው፣ በእጁ ሊመታም ይችላል። መብራት ይብራ። ከራቅ ብለው በስሙ ይጥሩት። «ቤትህ ነህ፣ ወልዲያ ነህ፣ እኔ እናትህ ነኝ» ይበሉት። ውኃ ይስጡት። ከዚያ ትንፋሹን በረጅሙ ወደ ውጭ ያስወጣ፤ ወደ ውስጥ በ4 ቆጥሮ ወደ ውጭ በ6። «ምን አየህ?» ብለው ግን አይጠይቁት። ሰርግና ጥምቀት ላይ ተኩስ እንደሚኖር ከሰሙም አስቀድመው ይንገሩት። የሚያውቀው ድምፅ ያንን ያህል አያስደነግጥም።

«እርሳው፣ አልፏል» የምትዪውን ተዪው። እንደማትጎጂው አስበሽ እንደምትዪው አውቃለሁ። እሱ ግን መርሳት ቢችል ኖሮ ረስቶት ነበር። ደግሞ ሁሉም አላለፈም። ፕሪቶሪያ ላይ በጥቅምት 2015 ዓ.ም ስምምነት ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ግን አማራ ክልል ሌላ ውጊያ ገባ። ተኩስ ዛሬም በሚሰማበት አገር የሚኖር ሰው ንቁ መሆኑ ግማሹ ሕመም፣ ግማሹ ብልህነት ነው። ስለዚህ «ተረጋጋ፣ ምንም የለም» ማለትም አይሠራም። ይልቅ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ደውዪ። ዓርብ ከሆነ ዓርብ። ትደውላለች ብሎ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ስለ እንቅልፉ ጠይቂው፣ ስለ ምሳው፣ ስለ መኪናው ገቢ። ዝም ካለ አብረሽው ዝም በዪ፤ ካርዱ ያልቃል ብለሽ አትሽበሪ። አንድ ጊዜ ብቻ «ያየኸውን መናገር ከፈለግህ እሰማሃለሁ፣ ካልፈለግህም ወንድሜ ነህ» በዪው። አትድገሚው። ሰምቶታል። ሰውን አስገድዶ ማናዘዝ ሕመሙን ሲያብስ አይተናል። ማውራት የጀመረ ቀን ደግሞ አታቋርጪው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን አንተ ተርፈሃል» ብለሽ አትዝጊበት። በዚያች ሰዓት የተረፈበት ነገር ነው የሚያሠቃየው።

አንድ ከባድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? እኛ አገር ስንት ቤት እንዳለ ታውቂያለሽ። ካለ በዚህ ሳምንት ከቤት ይውጣ። ለአጎት፣ ለታመነ ጎረቤት ይሰጥ። ምክንያቱን ለሰፈሩ ማስረዳት አያስፈልግም። ከባድ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣትና አረቄ አንድ ላይ ባሉበት ቤት ጠብመንጃ መኖር የለበትም። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ፣ ዕቃውን ማደል ከጀመረ፣ ሰው ሁሉ ይቅር ይበለኝ ማለት ካበዛ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይወሰድ፣ ብቻውንም አይደር። «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በቀጥታ ብትጠይቂው ሐሳቡን አትጨምሪበትም። ብዙ ሰው ሲጠየቅ እፎይ ይላል።

ስለ አንቺም። ሌሊቱን የአገርሽን ቪዲዮ ስታዪ እንደሚነጋ ጽፈሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 ቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ተመራማሪዎች ሰዉን አጠኑ። በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዜናውን ሲያዩ የሰነበቱ ሰዎች ቦታው ላይ ከነበሩት የበለጠ ጭንቀት ነበረባቸው። ቦታው ላይ ከነበሩት! ኩዌት ሆነሽ ጠዋት ሥራ አለብሽ። ስልኩን ከፍራሽሽ አርቂው። ዜናውን በቀን አንዴ፣ በቀን ብርሃን አንብቢው፤ ቪዲዮውን ተዪው። አንቺ ብትወድቂ ያንን ቤት የሚያቆመው ማን ነው?

አሁን ብሩ። አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ላያስፈልገው ይችላል። አቅራቢያው ያለ ትልቅ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ወይም የአእምሮ ሕክምና ነርስ ካለው እዚያ ይጀምር። ካርድ ሲያወጣ «ጨጓራ» ካለ እንደገና ወደ ኢንዶስኮፒ ነው የሚልኩት። «በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ ሳመላልስ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አልተኛም» ይበል። ይህችን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጽፎ ቢሄድም ነውር የለውም፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ አፍ ይያያዛል። የያዝሽውን ብር በየወሩ ከፋፍዪው። የመኪና መሳፈሪያ፣ የክኒን፣ የእንቅርት ምርመራ። በወር አንድ ጊዜ ለ6 ወር መመላለስ አለበት፤ አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው በመሳፈሪያ እጦት ነው። እናቱም አብረው ይሂዱ፤ እግረ መንገዳቸውን ግፊታቸውን ይለኩ። መኪናውንም የያዘው ሰውዬ ይያዝለት። ወንድምሽን እንዳይሸጠው ብቻ ንገሪው።